ስትሄዱ የሚያማችሁ እግር፦ ከደም ስር ነው ወይስ ከነርቭ?

(በሬዲዮ የቀረበ የጤና ንግግር። ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶቻችሁ አንብቡላቸው።)



የዛሬው የጤና ንግግራችን ስለ እግር ሕመም ነው። ስለ ማንኛውም የእግር ሕመም ግን አይደለም። ተቀምጦ እያለ ደህና ስለሆነ፣ መንገድ ሲጀምር ግን እግሩ እየተያዘ፣ እየጠዘጠዘው ወይም እየደነዘዘው ከመንገድ ስለሚቆም ሰው ነው የምንነጋገረው።

እዚህ ሞያሌ ኑሯችን በእግር ነው። ውሃው ከቦኖ፣ እንጨቱ ከዱር፣ ራሽኑ ከማከፋፈያው፣ ገበያው ከከተማው፣ ሁሉም መንገድ አለው። በመጋቢት ወር 2010 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በኩል ባለችው ሞያሌ ሰላማዊ ሰዎች በወታደሮች ጥይት ከተገደሉ በኋላ፣ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ድንበሩን ተሻግሮ ሶማሬን በመሳሰሉ ቦታዎች ተጠልሎ ነበር። ከእነዚያ መካከል ብዙዎቹ ቆይተው ወደ ቀያቸው ተመልሰዋል። ሕፃን ያዘለ፣ ሽማግሌ የደገፈ፣ ዕቃ የተሸከመ ሰው በዚያን ጊዜ ያለው እግሩ ብቻ ነበር። ስለዚህ ሁለት መቶ እርምጃ ሄዶ የሚቆም ሰው ቤት ውስጥ ካለ ነገሩን እንደ ቀላል ልታዩት አይገባም።

ብዙዎቻችን እንዲህ ያለውን ሕመም ሁሉ በአንድ ስም እንጠራዋለን። «ብርድ ነው»፣ «ቁርጥማት ነው»፣ «ሪህ ነው» እንላለን። «ጅማቴን ያዘኝ» የሚልም አለ። ጅማት ስንል ግን አንዱ የደም ስርን ማለቱ ነው፣ ሌላው ነርቭን፣ ሌላው ደግሞ ጡንቻንና አጥንትን የሚያያይዘውን እውነተኛውን ጅማት። ቃሉ አንድ፣ ነገሩ ሦስት ነው። ክሊኒክ ገብታችሁ «ጅማቴን» ብቻ ብላችሁ ከወጣችሁ ሐኪሙም በግምት ማስታገሻ ሰጥቶ ሊሸኛችሁ ይችላል።

ልዩነቱን ማወቅ የሚያስፈልገው ለዕውቀት ብቻ አይደለም። ደም ያነሰውን ወይም ስሜት ያጣውን እግር በፈላ ውሃ የሚዘፈዝፍ፣ በፍም የሚያሞቅ፣ በምላጭ የሚበጣ፣ በጋለ ብረት የሚተኩስ ሰው አለ። ስሜት ያጣ እግር ሲቃጠል አይናገርም። ደም የማይደርሰው ቁስል ደግሞ አይሽርም። ከእንዲህ ዓይነት ትንሽ ቁስል ተነሥቶ ጣት፣ ከዚያም እግር እስከ መቆረጥ የሚደርስ አለ።

ሁለቱ ሕመሞች ከየት ይመጣሉ?

በመጀመሪያ ስለ ደሙ እንናገር። ከልብ ተነሥቶ ወደ እግር ደም የሚያወርደው ስር ደም ቅዳ ይባላል። ዕድሜ ሲገፋ፣ በተለይም ሲጋራ በሚያጨስ፣ የስኳር በሽታ ወይም የደም ግፊት ባለበት ሰው፣ በዚህ ስር ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ቅባትና ኖራ መሰል ነገር እየተጋገረ መተላለፊያውን ያጠበዋል። ሰውየው ተቀምጦ ሲውል በጠባቡ ስር የሚያልፈው ደም ይበቃዋል። መሄድ ሲጀምር ግን የባቱ ጡንቻ ካረፈበት ጊዜ ብዙ እጥፍ ደም ይጠይቃል፤ ስሩ ያን ያህል ማድረስ አይችልም፤ ጡንቻውም በረሃብ ይጮኻል። የቦኖውን ቧንቧ አስቡ። ውስጡ በዝገት የጠበበ ቧንቧ አንድ ጀሪካን ብቻ ሲቀዳበት ምንም አይመስልም። ሁሉም መክፈቻ አንድ ላይ ሲከፈት ነው ጉዱ የሚታየው።

ነርቭ ሌላ ነገር ነው። ነርቭ የሚሸከመው መልእክት ነው። ከአንጎል ወደ እግር «ተራመድ» የሚለውን ትእዛዝ ያወርዳል፤ ከእግር ወደ አንጎል «እሾህ ወጋኝ» የሚለውን ወሬ ያወጣል። ወደ እግር የሚሄዱት ነርቮች በወገባችን አከርካሪ አጥንት ውስጥ ባለ ቦይ ያልፋሉ። በዕድሜ ብዛት አጥንቱ እየበቀለ፣ በአጥንቶቹ መካከል ያለው ዲስክ እያበጠ፣ ጅማቱም እየወፈረ ቦዩን ያጠበዋል። ታዲያ ቀጥ ብለን ስንቆም ወይም ወደ ኋላ ስንለጠጥ ቦዩ ይብሱን ይጠባል፤ ጎንበስ ስንል ወይም ስንቀመጥ ይሰፋል። ይህችን ነገር በልባችሁ ያዙልን፤ ቀጥሎ የምንናገረው ሁሉ ከእርሷ ይነሣል።

የደሙን ጉዳይ በጽሑፍ ቀድሞ ያስታወቀው የእንስሳት ሐኪም ነው ብንላችሁ ትገረሙ ይሆናል። በ1831 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ አገር ቡሌ የተባለ የእንስሳት ሐኪም ስለ አንድ የጋሪ ፈረስ ጻፈ። ፈረሱ ሲነሣ ደህና ነው፤ ጥቂት ከሮጠ በኋላ የኋላ እግሩ ያነክሳል፤ ቆሞ ካረፈ እንደገና ምንም እንዳልነበረበት ይሄዳል። በኋላ ተከፍቶ ሲታይ የእግሮቹ ደም ቅዳዎች ተደፍነው ተገኙ። በ1858 እ.ኤ.አ. ሻርኮ የተባለው የፓሪስ ሐኪም ይኸው ነገር በሰው ላይ እንደሚደርስ አሳወቀ። የወገብ ቦይ መጥበብ ተመሳሳይ ሕመም እንደሚያመጣ በሰፊው የታወቀው ግን ቨርቢስት የተባለ የሆላንድ ሐኪም በ1954 እ.ኤ.አ. ካወጣው ጽሑፍ ወዲህ ነው። እንግዲህ ፈረስ ሕመሙን አያስረዳም። ሐኪሙ ግን መቼ እንደሚቆምና መቼ እንደሚነሣ ብቻ አይቶ መንገዱን አገኘ። እናንተም ማየት ያለባችሁ ይህንኑ ነው።

በራሽን ሰልፍ ላይ የሚታየው ልዩነት

ሁለት ሰዎችን በሐሳባችን እንውሰድ። ሁለቱም ስድሳ ዓመት አልፏቸዋል። ሁለቱም ራሽን ሊቀበሉ ጠዋት ከድንኳናቸው ተነሥተዋል።

አንደኛው አባት ናቸው። መንገዱን ሲጀምሩ ደህና ናቸው። ዘወትር እዚያው ግራሩ አጠገብ ሲደርሱ ባታቸው እንደ እርጥብ ጨርቅ ይጨመቃል። ይቆማሉ። ሰው እንዳይታዘባቸው ከአላፊ አግዳሚው ጋር ሰላምታ ያበዛሉ፤ ከብቱን፣ ልጁን፣ ዘመዱን ይጠይቃሉ። ሁለት ሦስት ደቂቃ ያህል እንደ ቆሙ ሕመሙ ይለቃቸዋል። መቀመጥ አላስፈለጋቸውም። እንደገና ይሄዳሉ፤ ያንኑ ያህል ርቀት ሲሄዱ እንደገና ይይዛቸዋል። ዳገት ሲሆን ቶሎ ይይዛቸዋል፤ ሲፈጥኑም እንዲሁ። ሰልፉ ጋ ከደረሱ በኋላ ግን አንድ ሰዓት ቢቆሙ እግራቸው ምንም አይላቸውም። ቆሞ የሚጠብቅ ጡንቻ ብዙ ደም አይጠይቅምና።

ሁለተኛዋ እናት ናቸው። እርሳቸው አንዳንድ ቀን ሰልፉ ድረስ በደህና ይደርሳሉ፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ መንገዱን ሳያጋምሱ ይያዛሉ። ዋናው መከራቸው ሰልፉ ላይ ነው። ቀጥ ብለው ሲቆሙ ከወገባቸው ጀምሮ በመቀመጫቸውና በሁለቱም ጭናቸው ወደ ታች ይከብዳቸዋል፣ ይጠዘጥዛቸዋል፣ ጉንዳን የሚሄድባቸው ይመስላቸዋል፤ እግራቸው የሰው እግር እስኪመስላቸው ይደነዝዛል። ቆሞ ማረፍ አይረዳቸውም። ጀሪካናቸው ላይ ቁጭ ሲሉ ወይም እንደ ዕቃ ፈላጊ ጎንበስ ሲሉ ግን በጥቂት ደቂቃ ይለቃቸዋል።

በእኚህ እናት ላይ የሚደርሰው ሐሜት ደግሞ ከሕመሙ አይተናነስም። ባዶ እጃቸውን ቀጥ ብለው ሲሄዱ ያቃስታሉ፤ የእጅ ጋሪ ሲገፉ ወይም እንጨት በጀርባቸው አዝለው ሲያጎነብሱ ግን ረጅም መንገድ ይሄዳሉ። ጎረቤት «ለጥቅሟ ሲሆን ትሮጣለች፣ ለሰልፍ ሲሆን ትታመማለች» ይላል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። ጋሪ ስንገፋ ወገባችን ወደ ፊት ያዘነብላል፤ ያን ጊዜ ቦዩ ይከፈታል፤ ነርቮቹም ይተነፍሳሉ። በዚሁ ምክንያት እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት ሰው ዳገቱን ጎንበስ ብሎ ሲወጣ ይሻለዋል፤ ቁልቁለቱን ወደ ኋላ ተለጥጦ ሲወርድ ይብስበታል። በብስክሌት ላይ አቀርቅሮ ሲሄድም ብዙ ጊዜ አይሰማውም። የደም ችግር ያለበት ሰው ግን ብስክሌትም ላይ ቢሆን ባቱ ሲሠራ ያመዋል።

ሰልፍ የምታስጠብቁ ወጣቶች ይህን ስሙ፦ አንዲት እናት ጀሪካኗ ላይ ተቀምጣ ተራዋን ብትጠብቅ ተራዋን አትንጠቋት።

እንግዲህ ራሳችሁን የምትጠይቁት «የት አመመኝ?» ከሚለው ይልቅ «ምን ሳደርግ ተወኝ?» የሚለውን ነው። በዚህ ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። ሰው ሲያመው ልማዱ መቀመጥ ነው፤ ከተቀመጠ ደግሞ ሁለቱም ሕመም ይተወዋል፤ ስለዚህ መቀመጥ ብቻውን አይለይም። በሚቀጥለው ጊዜ ሲይዛችሁ ሳትቀመጡ፣ በምርኩዝም ሳትደገፉ፣ ሳታጎነብሱ ቀጥ ብላችሁ ቁሙና ጠብቁ። እንዳትወድቁ ሰው አጠገባችሁ ይሁን። ከአምስት ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ከለቀቃችሁ ወደ ደሙ ያመለክታል። ካልለቀቃችሁ፣ ስትቀመጡ ወይም ስታጎነብሱ ግን ከተወ፣ ወደ ወገብ ነርቭ ያመለክታል።

ቦታውም ጥቂት ይረዳል። የደሙ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ባት ላይ ነው፤ ስሩ የተደፈነው ከላይ ሆዱ አካባቢ ከሆነ ግን ጭንና መቀመጫም ያማል። ስለዚህ «ጭኔን ነው የሚያመኝ፣ ነርቭ መሆን አለበት» ብላችሁ አትደምድሙ።

እግራችሁን በእጃችሁ መርምሩ

ጫማና ካልሲ አውልቁና ተቀመጡ። በእግራችሁ ጀርባ ላይ፣ ከአውራ ጣትና ከሁለተኛው ጣት መካከል ተነሥታችሁ ወደ ቁርጭምጭሚት አቅጣጫ መሃል ድረስ ውጡ። እዚያ ሁለት ጣታችሁን ቀስ ብላችሁ አሳርፉ። በደህና እግር ላይ የደም ትርታ ይሰማል። አጥብቃችሁ ከተጫናችሁት ይጠፋል። በአውራ ጣታችሁ አትንኩ፤ አውራ ጣት የራሱ ትርታ ስላለው ያታልላል። ሁለተኛው ቦታ ከቁርጭምጭሚቱ የውስጥ ጉብታ በስተጀርባ፣ በጉብታውና በተረከዙ ጅማት መካከል ነው። ሁለቱንም እግር አወዳድሩ። ከጤነኞችም መካከል በእግር ጀርባ ያለው ትርታ የማይገኝባቸው ሰዎች አሉ፤ ስለዚህ አንዱን ስላጣችሁ አትደንግጡ። በአንድ እግር ሁለቱም ቦታ ላይ ከጠፋ፣ በሌላው እግር ግን ካለ፣ ይህ ለሐኪም የሚነገር ነገር ነው።

ቀጥሎ ሙቀቱን በእጃችሁ ጀርባ ለኩ። አንዱ እግር ከሌላው ይቀዘቅዛል? ቆዳው ተሳስቷል፣ አብረቅርቋል፣ ጠጉሩ ረግፏል፣ ጥፍሩ ወፍሯል? መጻሕፍት «እግሩ ይገረጣል» ይላሉ፤ በጠቆረ ቆዳ ላይ መገርጣት በቀላሉ አይታይምና የውስጥ እግርንና የጥፍርን ሥር ተመልከቱ። ተኝታችሁ እግራችሁን ለአንድ ደቂቃ ያህል ወደ ላይ ስታነሡ የውስጥ እግሩ ከነጣ፣ ቁጭ ብላችሁ ስታንጠለጥሉት ደግሞ ከቀላ ወይም ከጠቆረ ደሙ እንዳነሰ ያሳያል።

የነርቩን ስሜት ደግሞ ሌላ ሰው ይሞክርላችሁ። ዓይናችሁን ጨፍኑ። ልጃችሁ ወይም ባለቤታችሁ የአውራ ጣታችሁን፣ የመካከለኛውንና የትንሿን ጣት ጫፍ በእጃቸው ጣት ጫፍ ለአንድ ሁለት ሴኮንድ ያህል በስሱ ይንኩ፤ ሳይጫኑ፣ ሳያሹ። በሁለቱ እግር ስድስት ቦታ ነው። ከስድስቱ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሳይሰማችሁ ካለፈ የእግራችሁ ስሜት ቀንሷል ማለት ነው። ይህ ፍተሻ ገንዘብም መሣሪያም አይጠይቅም፤ በተለይ የስኳር በሽታ ያለባችሁ እንድታደርጉት አጥብቀን እንመክራለን።

ክሊኒክ ስትሄዱ ደግሞ የደም ግፊት መለኪያው በክንዳችሁ ብቻ ሳይሆን በቁርጭምጭሚታችሁም ላይ እንዲታሰር መጠየቅ ትችላላችሁ። የቁርጭምጭሚቱ ግፊት ከክንዱ ጋር ይነጻጸራል። ለምሳሌ በክንድ 130 ሆኖ በቁርጭምጭሚት 80 ቢገኝ፣ 80 ለ130 ሲካፈል ወደ 0.6 ይመጣል። ከ0.9 ያነሰ ወይም እኩል የሆነ ውጤት በእግር ያለው ደም ቅዳ መጥበቡን ያመለክታል። በትክክል ለመለካት የደም ድምፅ የሚያሰማ ትንሽ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ በሁሉም ክሊኒክ ላይገኝ ይችላል። የስኳር በሽታ በቆየበት ሰው ላይ ስሩ ስለሚደነድን ልኬቱ ደህና መስሎ ሊያታልል እንደሚችልም ዕወቁ።

ስኳር በሽታን ደጋግመን የምናነሣው ሁለቱንም አንድ ላይ ስለሚያመጣ ነው። ነርቩንም ይጎዳል፣ ደም ቅዳውንም ያጠባል። እንዲህ ያለው ሰው ደሙ አንሶ እንኳ ስሜቱ ስለጠፋ ባቱን ላያመው ይችላል። ሕመም ስለሌለው ደህና ነኝ ይላል፤ ቁስሉ ግን ከጫማው ውስጥ እየሰፋ ነው። ሌሊት የሚያቃጥል እግርም ሁለት ዓይነት ነው። ሁለቱንም እግር እኩል የሚያቃጥል፣ አንሶላ ሲነካው እንኳ የሚቆጠቁጥ፣ በመንጠልጠል የማይለወጥ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የነርቭ ነው። የእግር ጣቶችን እየጠዘጠዘ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ፣ እግርን ከአልጋ ወደ መሬት ሲያንጠለጥሉት ግን ቀለል የሚል ከሆነ ደሙ እጅግ አንሷል ማለት ነውና ቀን መቁጠር አያስፈልግም፤ በማግሥቱ ወደ ክሊኒክ ሂዱ።

ከሁለቱም ወገን ያልሆኑ ወይም በመካከል ያሉ ሌሎችም አሉ። ከመቀመጫ ተነሥቶ በአንድ እግር ብቻ እስከ ተረከዝ እንደ መብረቅ የሚወርድ፣ ሲያስሉና ሲቀመጡ የሚብስ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ከዲስክ መንሸራተት ነው። ማታ ማታ የሚያብጥና የሚከብድ፣ እግር ከፍ ሲደረግ የሚቀል ከሆነ ደም መልስ የሚባለው ስር ነው። ከመጀመሪያው እርምጃ ጀምሮ የሚያም ከሆነ ጉልበት ወይም የዳሌ መገጣጠሚያ ይሆናል። ከሰሜን የመጣችሁ ደግሞ ጓያን ታውቃላችሁ፤ በችግር ዘመን ለወራት ጓያ ብቻ የበላ ሰው እግሩ ይገታተራል፣ በጣቱ ጫፍ ይራመዳል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በደምቢያና በፎገራ ያደረጉትን ጥናት በ1990 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ያ የነርቭ ጉዳት ነው፤ ምልክቱ ግን ከሕመም ይልቅ መገታተርና መድከም ነው።

በእኛ አካባቢ በይበልጥ የምንጠረጥራቸው ሁለት ነገሮች ግን አሉ። ያልፈላ የፍየል፣ የላም ወይም የግመል ወተት የሚጠጣ ሰው ብሩሴላ የሚባል በሽታ ሊይዘው ይችላል፤ ትኩሳቱ ይመላለሳል፣ ያልበዋል፣ ወገቡንና ዳሌውን ያመዋል፣ ሕመሙም እስከ እግሩ ይወርዳል። ሁለተኛው የአከርካሪ ቲቢ ነው፤ ወገብ ወይም ጀርባ ለሳምንታት እያመመ ሰውየው ይከሳል፣ ማታ ያተኩሰዋል፣ አንዳንዴም ጀርባው ላይ ጉብታ ይወጣል። እንዲህ ያለውን ጀርባ ወጌሻ እንዲያሸው ወይም እንዲያቃናው በፍጹም አትፍቀዱ። ሁለቱም በመድኃኒት የሚድኑ ናቸው። ቲቢ መድኃኒት ላይ ሆናችሁ እግራችሁ መደንዘዝና ማቃጠል ከጀመረም መድኃኒቱን ሳታቋርጡ ለባለሙያው ንገሩ፤ አይሶናያዚድ የተባለው መድኃኒት ነርቭን ሊጎዳ ስለሚችል ቫይታሚን ቢ6 ይሰጣችኋል።

ጫት ቤት እግርን አጣጥፎ ለሰዓታት ከተቀመጡ በኋላ የሚመጣው መደንዘዝ በሽታ አይባልም፤ ጉልበት አጠገብ ያለው ነርቭ ተጭኖ ነው፤ ተነሥተው ሲራመዱ ይለቃል። ጫማ እስኪጎተት ድረስ እግር ወደ ታች ከተንጠለጠለ ግን መታየት አለበት።

ቀን የማይሰጡ ምልክቶች

እግር በድንገት ከቀዘቀዘ፣ ከገረጣ፣ በብርቱ ካመመና ማንቀሳቀስ ካቃተ ስሩ በአንድ ጊዜ ተደፍኗል ማለት ነው። ያን እግር ለማትረፍ ያለው ጊዜ በሰዓት የሚቆጠር ነው። ሌሊትም ቢሆን ጎረቤት ቀስቅሱ፤ አታሹት፣ አታሙቁት፣ ወደ ሆስፒታል አድርሱት። ከሞያሌ እስከ ማርሳቢት ወደ 250 ኪሎ ሜትር፣ እስከ ኢሲዮሎ 500 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑን አትርሱ። ሪፈር የሚያስፈልግ ከሆነ መንገዱ ራሱ ሰዓታትን ይበላልና ጠዋት እስኪሆን የተጠበቀው ጊዜ አይመለስም።

ሽንት ከቆመ ወይም ሳይታወቅ ካመለጠ፣ ኮርቻ ላይ የሚያርፈው የመቀመጫና የብልት አካባቢ ከደነዘዘ፣ ሁለቱም እግር በፍጥነት እየደከመ ከሄደ የወገብ ነርቮች በኃይል ተጨፍልቀዋል፤ እዚያው ዕለት መታየት ያስፈልጋል። ይህን ብዙ ሰው በሐፍረት ይደብቀዋል። በተለይ እናቶችና እህቶች፣ ለሴት ባለሙያ መናገር እንፈልጋለን ብላችሁ ጠይቁ።

አንድ ባት ብቻ ካበጠና ከሞቀ፣ በተለይም ከወሊድ በኋላ ወይም ብዙ ከተኙ በኋላ፣ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ላይ ትንፋሽ ካጠረ አደጋው ከፍተኛ ነው። በሁለት ሳምንት ያልሻረ የእግር ቁስልና የጠቆረ ጣትም ሳይዘገይ ይታይ። የስኳር በሽታ ላለበት ሰው ግን ሁለት ሳምንትም ብዙ ነው፤ ቁስሉን ባየበት ቀን ይምጣ።

ምን ይደረግ?

የደም ችግር መሆኑ ለታወቀ ሰው የመጀመሪያው መድኃኒት ሲጋራን መተው ነው። መቀነስ አይበቃም። ወጣት ሆነው በሲጋራ ብቻ የእጅና የእግር ስራቸው የሚደፈን ሰዎችም አሉ፤ ያ በሽታ የሚቆመው ሲጋራው ሲቆም ነው። ጫትም የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ሲጋራንም ይጠራል። ሁለተኛው፣ ብዙ ሰው የማያምነው፣ መሄድ ነው። ሕመሙ በርታ እስኪል ሂዱ፣ ቁሙ፣ ሲለቃችሁ እንደገና ሂዱ። በዚህ ዓይነት እረፍቱን ጨምሮ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ፣ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን፣ ለ12 ሳምንት ያህል ያለማቋረጥ የሠራ ሰው የሚሄደው ርቀት ይጨምራል። ሕመሙ ጡንቻውን የሚያበላሽ መስሏችሁ አትፍሩ። የቆሰለ እግር ወይም ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም ያለበት ግን ሐኪም ሳያየው ይህን አይጀምር። እግሩ ላይ የጠበበ ስር ያለው ሰው የልብና የአንጎል ስሩም ጠቦ ሊሆን ስለሚችል የደም ግፊቱ፣ ስኳሩና የደም ቅባቱ ይታያል፤ አስፕሪንና ቅባት የሚቀንስ መድኃኒት ሊታዘዝለት ይችላል። አስፕሪንን ከሱቅ ገዝታችሁ በራሳችሁ አትጀምሩ።

የወገብ ቦይ ለጠበበበት ሰው ምርኩዙ ጎንበስ የሚያደርግ ይሁን፤ ጋሪ መግፋት ከቻለ ይግፋ። ውሃ በራስ ከመሸከም ይቆጠብ፤ ቀጥ አድርጎ ያስሄዳልና። ጠዋትና ማታ በጀርባ ተኝቶ ሁለቱን ጉልበት ወደ ደረት እየሳቡ ጥቂት መቆየት ብዙዎችን ያሳርፋል። ይህ ሕመም በአብዛኛው ሰው ላይ በዝግታ የሚሄድ ነው፤ እግር ያስቆርጣል ብላችሁ አትስጉ። ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ለጥቂቶች ነው። ለሁለቱም ቢሆን ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንን ከሱቅ እየገዙ ለሳምንታት መዋጥ ጨጓራን፣ ኩላሊትንና የደም ግፊትን ይጎዳል።

ስሜት ለቀነሰበት እግር ውሃውን በክንዳችሁ ለኩት እንጂ በእግራችሁ አትለኩት። ጫማ ከማድረጋችሁ በፊት ገልብጣችሁ አራግፉ፤ ጠጠርና እሾህ፣ አንዳንዴም ጊንጥ አይጠፋውም። ማታ ማታ የውስጥ እግራችሁን ለማየት ካልቻላችሁ ልጆቻችሁ ይዩላችሁ።

ክሊኒክ ስትሄዱ እነዚህን ይዛችሁ ሂዱ፦ ከድንኳናችሁ ተነሥታችሁ የት ስትደርሱ እንደሚይዛችሁ፤ ቆማችሁ ይለቃችሁ እንደሆነ ወይስ ተቀምጣችሁ፤ በሰልፍ ላይ ያማችሁ እንደሆነ፤ ዳገቱ ይብሳል ወይስ ቁልቁለቱ፤ የእግራችሁን ትርታ አግኝታችሁት እንደሆነ። ሲጋራ የምታጨሱ ከሆነ አትደብቁ። የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው ይዛችሁ ሂዱ። የአማርኛ አስተርጓሚ ካስፈለጋችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ «ጅማቴን» የሚለው ቃል በስዋሂሊ ሲተረጎም ሌላ ነገር ሆኖ ሊደርስ ይችላልና በእጃችሁ ቦታውን አሳዩ።

በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት ስለ ስኳር በሽተኞች ጫማና ስለ እግር ጥፍር አቆራረጥ እንነጋገራለን። እስከዚያው ጤና ይስጥልን።